ሁለት ጣት መሬት

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3። ጠዋት 1፡40

ስድስተኛዋ ቁልፍ ጠፋች። የኮት ቁልፍ። ከመቁረጫው ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ እፈልጋለሁ። ጋሼ ከድር ከላይ ሆነው ወለሉን በከዘራ ይቆረቁራሉ፤ ቁጥር ስድስት ጉድጓድ የት ገባ ይሉኛል። ጉድጓድ ጠፍቶ ወለል ላይ የሚፈለግበት ቤት መርካቶ ውስጥ የኛ ብቻ ነው።

ተገኘች። አባዬ ረግጧት ቆሟል።

ደብተሬ፣ ሦስት ቀን ስላልጻፍኩልሽ ወሬው አምልጦሻል። በአጭሩ፦ ጋሼ ከድር (ከዛሬ ጀምሮ ጋ.ከ.፣ እጄን ደከመኝ) የአባዬ ታላቅ ወንድም ናቸው። ጂኦሎጂስት። እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል፣ አፋቸው አልወጣም። ከሱቃችን በላይ ባለችው ክፍል ይኖራሉ። ሰሞኑን ሥራ መጣላቸው። ምሥራቅ ቆላ የጋዝ ጉድጓድ ሊቆፈር ነው፤ ከመቆፈሩ በፊት አንድ የውጭ ሰው የከርሰ ምድሩን ካርታ አይቶ፣ ስህተት የለበትም ብሎ መፈረም አለበት። ያ ሰው ጋ.ከ. ናቸው። ችግሩ “አይቶ” የምትለዋ ላይ ነው። ሁለቱም ዓይናቸው ሞራ አለበት፣ ቀዶ ጥገናው ለመስከረም ተቀጥሯል። ለካምፓኒው ሰዎች “የማይበት ዓይን አለኝ” ብለዋቸዋል።

ዓይኑ እኔ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው፣ መነጽር የማያስፈልገው፣ ክረምቱን መጋረጃ ሲያጥፍ ሊያሳልፍ የነበረ ዓይን።

አሠራራችን እንዲህ ነው። ካርታውን አባዬ መጋረጃ የሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተናል፤ ሌላ የሚበቃው ጠረጴዛ የለም። አብነት ሰፈር ያለው ማተሚያ ቤት ይህን የሚያህል ወረቀት ስለሌለው በሁለት ቁራጭ ነው ያተመልን፣ ሰሜንና ደቡብ። አባዬ አጣበቀው። እንዴት እንደተኩራራ! መስመሮቹ ላይ ወፍራም ክር በሙጫ አስኬዳለሁ፤ የድሮዎቹ ስድስት ጉድጓዶች ላይ ቁልፍ አስቀምጣለሁ፣ ቁጥር 3 ላይ ትልቋን የካፖርት ቁልፍ። ጋ.ከ. በጣታቸው ያነባሉ። እኔ ቁጥሩን እጮሃለሁ።

ካርታው የመሬቱን ላይ አያሳይም። ከሥር ያለ አንድ የአሸዋ ድንጋይ ንብርብር ጣሪያው ስንት ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሆነ ነው የሚያሳየው። እኩል የጠለቁ ቦታዎች በአንድ መስመር ይያያዛሉ። ቁጥሩ ከበዛ ጥልቅ፣ ካነሰ ከፍ ያለ። ጋዝ ሽቅብ ስለሚሄድ ጉብታ ሥር ሲደርስ መውጫ አጥቶ ይታቆራል። ጉብታ ፈልግ፣ ቆፍር። አሥራ አንደኛ ክፍል ድረስ ማንም እንዲህ አላስረዳኝም!

ዓርብ፣ ሐምሌ 4። 7፡00

ሱቅ ተዘግቷል፣ ወንዶቹ ጁምዓ ላይ ናቸው። ጠረጴዛው የኔ ብቻ።

ከመሄዳቸው በፊት ግን እትዬ ሙሉ መጡ። ክርና ቁልፍ የምንገዛባቸው ጎረቤታችን። ካርታውን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ይህ ሁሉ መስመር፣ ይህ ሁሉ ቁጥር ያለበት ወረቀት መርካቶ ውስጥ ሲያዩ ለእሳቸው ትርጉሙ አንድ ነው፦ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

“ሀዩዬ፣ በኔ ሱቅ ላይ የትኛው ነው የሚያልፈው?”

ደብተሬ፣ ማሪኝ። የእርስዎ ሱቅ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ጥልቀት ላይ ነው አልኳቸው። ከሥሩ ምን አለ አሉኝ። ጋዝ ሊኖር ይችላል አልኩ። ወጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ዱባይ ተራ ድረስ ሰው ሁሉ ስለ ካሳ ያወራል። አባዬ ጆሮዬን ሊነቅለው ነበር።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5። ጠዋት 3፡00

ያዝኳቸው!! ያዝኳቸው ያዝኳቸው!!

ከሰሜን የሚወርደው 2,420 መስመር መሀል ላይ ሲደርስ የሚጠብቀው 2,440 ነው። ዘለለ! ቀጣዩም ዘለለ። ዘጠኝ መስመር ቆጠርኩ፣ ዘጠኙም እዚያው ቦታ ተቆርጠው ወደ ጎን ይንሸራተታሉ። ጋ.ከ. ጣታቸውን በክሩ ላይ አስኬዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ፣ ከዚያ ጣታቸው ከክሩ ወደቀ። ፊታቸው እንደ ልጅ በራ። ካርታው የተሠራው ዶ/ር ሲሳይ የሚባል የካምፓኒው ኃላፊ ጋ ነው፤ የድሮ ተማሪያቸው። እዚያው ደወሉለት። በደጃችን የሚያልፈው ተሸካሚ ሁሉ ቆሞ እስኪሰማ፦

“ሲሳይ! መስመሮችህ ተበጥሰዋል! ይህን እኔ አስተማርኩህ?!”

ማክሰኞ እመጣለሁ አለ። ራሱ! መርካቶ! እኔን ፍለጋ (በተዘዋዋሪ)። አባዬ ለዕለቱ ሸሚዝ ላስተኩስ ብሏል። መጋረጃ ሻጭ ነው፣ ግን ዛሬ እንደ ሳይንቲስት እየተራመደ ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

መጻፍ አልፈልግም። ልጻፈው።

ዶ/ር ሲሳይ መጣ። መኪናውን አብነት አቁሞ በእግሩ፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ። ላፕቶፑን ከፈተ። በሱ ስክሪን ላይ መስመሮቹ አንድም ቦታ አልተቆረጡም። ሙሉ። ለስላሳ። ከዚያ ጎንበስ አለና በጥፍሩ የካርታውን መጋጠሚያ ቀስ አድርጎ አነሳው። ከሥሩ ሌላ ካርታ አለ። የታተመ፣ መስመር ያለው፣ በሙጫ የተሸፈነ።

ይሄ ምንድን ነው አለ።

“ትርፍ ነው እንጂ!” አለ አባዬ፣ በኩራት። “ሁለት ጣት ትርፍ ያልተተወለት ስፌት ይተረተራል።”

አባዬ ካርታውን እንደ መጋረጃ ነው የገጠመው። ሰሜኑን ደቡቡ ላይ ሁለት ጣት ደርቦ። በካርታው ልክ ሁለት ጣት አንድ ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ኪሎ ሜትር የአገር መሬት ሙጫ ሥር ቀብሮ “ትርፍ ነው” ይላል!

ሳቅኩ። ወላሂ አመለጠኝ። ከዚያ የጋ.ከ. እጅ ከዘራውን ፍለጋ ጠረጴዛውን ሲዳብስ አየሁና ሳቄን ትቼ ከዘራውን አቀበልኳቸው።

ዶ/ር ሲሳይ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ጋሽ ከድር ደክመዋል፣ ይረፉ፣ መቆፈሪያው ማሽን፣ ሪጉ፣ መንገድ ላይ ነው፣ እስከ ዓርብ ሐምሌ 25 ፈርመው ይላኩልኝ አለ። ሲወጣ ወደ እኔ ዞረ።

“ዓይናቸው አንቺ ነሽ?”

አዎ አልኩ።

“ዓይን ያስፈልጋቸዋል” ብሎ ሄደ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ዝናብ። መብራት የለም። ጋ.ከ. ከክፍላቸው አልወረዱም። አባዬ ሦስት ጊዜ ሻይ ይዞ ወጣ፣ ሦስቴም ይዞት ተመለሰ። ለማንም ሳልናገር መጋጠሚያውን በውኃ አርጥቤ ፈታሁት። ጠርዝ ለጠርዝ አገናኘሁ፣ ከሥር በፕላስተር። ኪሎ ሜትሯ ወጣች። ክሮቹን ሁሉ እንደ አዲስ።

ሲወርዱ አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ እፈርማለሁ።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 12። ከሰዓት 9፡30

በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌን ይቅር በይኝ።

ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በላይ ያለ ሆቴል ባለ መስመር መጋረጃ አዟል። ሰፋፊ አግድም መስመር፣ ቡናማና ነጭ። ሁለቱን ጨርቅ ጎን ለጎን ስንገጥም መስመር ለመስመር መግጠም አለበት። እኔ አንዱን ዝቅ አድርጌ ያዝኩት። አባዬ እጄን መታ። እኔን መስደብ የሚወደው በትምህርት መልክ ነው። ስሚ እንግዲህ አለኝ። ጨርቁ አንድ ጋት ከወረደ ሁሉም መስመር አንድ ጋት ይወርዳል። አንዱ ወርዶ፣ ሌላው ወርዶ፣ መሀል ያለው ብቻ ሽቅብ ከሄደ ጥፋቱ የጨርቁ አይደለም፣ የለኪው ነው።

ጨርቁን ለቀቅኩት። ጭቃ ላይ ወደቀ። አባዬ ምን እንዳለኝ አልጽፍም።

ደብተሬ፣ ካርታው መሀል ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወርድ አንድ ስብራት አለ። ድሮ ድሮ ምድር እዚያ ጋ ተሰብራ የምዕራቡ ወገን ወደ ታች ተንሸራትቷል። እንደ ጨርቁ። ስለዚህ ግራና ቀኙን ቁጥር አንብቤ ልዩነቱን ያዝኩ።

ከሰሜን ጫፍ፦ ምዕራብ 2,460፣ ምሥራቅ 2,380። ሰማንያ።
ቀጥሎ፦ 2,450 እና 2,370። ሰማንያ።
ቁጥር 3 ቁልፍ ጋ፦ 2,440 እና 2,500። ምን?! ምሥራቁ ወረደ። ስልሳ፣ ወደ ተቃራኒው!
ከሱ በታች፦ 2,430 እና 2,350። ሰማንያ።

መሀል ያለው ብቻ ሽቅብ ሄደ። ጥፋቱ የለኪው ነው።

ይባስ ብሎ አዲሱ ጉድጓድ፣ ቁጥር 7፣ የሚቆፈረው ከቁጥር 3 ትንሽ በሰሜን በኩል፣ 2,370 ላይ ነው። “ጉብታ” ያሉት ጉብታ የሆነው ቁጥር 3 ጋ መሬቱ ስለሚወርድ ነው። ቁጥር 3 ከተሳሳተ ጉብታ የለም፤ ወደ ደቡብ ከፍ እያለ የሚሄድ ተዳፋት ብቻ። ጋዙ ተዳፋቱን ይዞ ሄዷል። ያን ሁሉ ብረት ጎትተው ባዶ ድንጋይ ሊበሱ ነው። በጋ.ከ. ፊርማ።

እሁድ፣ ሐምሌ 13

ነገርኳቸው። አልሮጥኩም፣ አልጮህኩም፣ ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ተጠራጥሬ አራት ጊዜ እንደቆጠርኩት ብቻ ነገርኳቸው። መጋጠሚያውን ቀድመው ዳሰሱ። (ነካኝ። ግን ልክ ናቸው።) ከዚያ ግራ እጃቸውን በምዕራብ፣ ቀኝ እጃቸውን በምሥራቅ አድርገው ስብራቱን ከላይ እስከ ታች ወረዱ። ቁጥር 3 ላይ ቆሙ። ቆዩ። ሻዩ በረደ።

አንዳንድ ስብራት ይጠማዘዛል አሉ በመጨረሻ።

ይጠማዘዛል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አልፎ አልፎ አሉ። ይኼኛውስ? እጃቸውን ከካርታው አነሱ።

ገባኝ፣ ደብተሬ። ድንጋዩን አይደለም የሚያስቡት። ስልኩን ነው የሚያስቡት። ደውለው እንደገና “መስመርህ ተሳስቷል” ሲሉ፣ በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው ለትሕትና ሲል ሳቁን ሲውጥ። አንዴ የሳቁበት ሽማግሌ ሁለተኛ ሲሳሳት ደከመ አይባልም፣ ጃጀ ነው የሚባለው። እዚያ ያደረስኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ፤ “ዘለለ! ዘለለ!” እያልኩ።

ስነሳ ክንዴን ያዙ።

“አንቺ ልጅ፣ ልክ አይደለም ማለት እትዬ ሙሉም ትችላለች። ለምን ልክ እንዳልሆነ አምጪልኝ።”

አመጣለሁ!

ሐሙስ፣ ሐምሌ 17

አራት ቀን። አልጋቸው ሥር ካለ ካርቶን የቁጥር 3ን የድሮ ሪፖርት አወጣን። የኮፒ ኮፒ፣ ግማሹን አይጥ አንብቦታል። እንግሊዝኛውን ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ ጋ.ከ. አነጋገሬን ያርማሉ፣ አባዬ መቀሱን እያንኳኳ “ኢንግሊዝ” ይለኛል። የመቆፈሪያው ጭቃ ክብደት። የቱቦ ቁጥር። የምግብ አቅርቦት ሳይቀር፤ በዚያ በረሃ ስንት ጣሳ ቲማቲም እንደበሉ አውቃለሁ። ስህተት ግን የለም።

አንድ ነገር ብቻ ጋ.ከ.ን አስቆማቸው። ጉድጓዱ ውስጥ ትንሽ ጋዝ ሸትቷል ይላል። ያን ያህል ጎድጓዳ ቦታ ላይ ጋዝ ምን ይሠራል አሉ። ለራሳቸው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 18። ጠዋት 5፡00

ሰያፍ! ሰያፍ! ሰያፍ!

ቅደም ተከተሉን ልያዝ። አንዲት ደንበኛ የመስኮት ልክ በወረቀት ይዛ መጣች፣ ለአዲስ ቤት። አባዬ ቁጥሩን አይቶ ዓይኑ ፈጠጠ። ይሄ መስኮት ነው ወይስ የመስጊድ በር አላት። ቆሞ ሲጠይቃት፣ ባሏ ሜትሩን ከላይኛው ግራ ጥግ እስከ ታችኛው ቀኝ ጥግ ዘርግቶ ነው የለካው። አባዬ ጮኸ፣ ጎረቤት ሁሉ ሰማ፦

“እህቴ፣ መስኮት በሰያፍ አይለካም! ሰያፍ ሁልጊዜ ይረዝማል!”

እኔ ሪፖርቱን እያነበብኩ ነበር። ቆምኩ። ጋ.ከ. ከዘራቸውን ጣሉ። እኔን አይደለም፣ አባዬን ዞረው አዩት፣ በማያይ ዓይን፣ አፋቸውን ከፍተው። ከዚያ ወደ እኔ፦ ሠንጠረዥ ነው ብለሽ የዘለልሽው ገጽ አለ አይደል?

ነበረ። (ልናዘዝ፣ ደብተሬ። ሰኞ ዕለት ሁለት ገጽ ሙሉ ቁጥር ብቻ ሲሆንብኝ ሰለቸኝና “ሠንጠረዥ ነው” ብዬ ገለጥኩት። እሳቸውም እሺ አሉ። ሌላ ሰው እንዲህ ቢያደርግ እንዴት እንደምቀልድበት ታውቂያለሽ።)

ሠንጠረዡ የጉድጓዱ ዝንባሌ ነው! ቁጥር 3 ቀጥ ብሎ አልተቆፈረም። መሀል ላይ ጠንካራ ድንጋይ አስቸግሯቸው አጣመሙት፣ ሰያፍ ወረደ። ካርታው ላይ ያለው ጥልቀት የተወሰደው ግን የጉድጓዱን ርዝመት በሰያፉ ለክተው ነው፤ ቀጥታ ወደ ታች አይደለም። ሰያፍ ሁልጊዜ ይረዝማል!

ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበብኩ፣ ጋ.ከ. እየተረጎሙ፣ እኔ በስልኬ እያሰላሁ። ሦስት ጊዜ ደገምነው። ትርፉ 140 ሜትር።

2,500 ሲቀነስ 140። 2,360።

ምዕራቡ 2,440 ነው። ልዩነቱ...

ሰማንያ!!! ደብተሬ ሰማንያ! መስመሩ ገጠመ! ጠረጴዛው ላይ ልወጣ ነበር፣ አባዬ በእግሬ ያዘኝ። ምን ተገኘ ይላል። አንተ አገኘኸው አልኩት። ደረቱ ተነፋ፣ ምን እንዳገኘ ግን አያውቅም። ደንበኛዋ ልኳን እንደያዘች ቆማለች። ጋዙም ለምን እንደሸተተ ገባን፤ ቁጥር 3 ጎድጓዳ አይደለማ! ከፍታ ላይ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 23

ዶ/ር ሲሳይ ስልክ አያነሳም። ከዓርብ ጀምሮ። አሥራ አንድ ጊዜ። መልእክት ላክኩ፣ በጋ.ከ. ስም፣ በትሕትና። “ፊርማዎን እየጠበቅን ነው፣ ያክብርልን” የሚል መለሰ። መልእክቱን አንብቦታል? አይመስለኝም። ሪጉ ደርሷል፣ እየገጣጠሙት ነው ተብሏል።

ነገ ሐሙስ። ከነገ ወዲያ ዓርብ።

ጋ.ከ. ቀስ በቀስ እየተንሸራተቱ ነው፣ አየዋለሁ። ምናልባት እነሱ ያውቁት ይሆናል ይላሉ። ምናልባት አርመውት ይሆናል። ምናልባት፣ ምናልባት። እስክሪብቶ ጠየቁኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 24። ጠዋት 2፡15

በችኮላ። ልንወጣ ነው።

ዛሬ ጠዋት እስክሪብቶውን ይዘው ካርታው ፊት ተቀመጡ። “ያረጋገጠ” የሚለው ሣጥን ላይ እጄን አሳርፊልኝ አሉ። አባዬ መቀሱን አስቀመጠ።

እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነው። ሣጥኑ በቀኝ ታች ጥግ ነው ያለው። እኔ ግን ወደ መሀል ወሰድኩት። የእስክሪብቶው ጫፍ ቁጥር 3 ቁልፍ ላይ ቀጭ አለ።

ዳሰሱት። ቁልፍ መሆኑን አወቁ። የትኛው ቁልፍ እንደሆነም አወቁ፣ ትልቋ የካፖርት ቁልፍ እሷ ብቻ ናት። ይመቱኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው!

“አንቺ ውሪ! ጫማዬን አምጪ።”

አባዬም ሱፉን ለብሷል። አንተ ለምን ትመጣለህ ስለው፣ ጠረጴዛው የኔ ነው አለ።

ያው ዕለት። 11፡00

ሁሉንም፣ ሁሉንም ልጻፍ።

ካርታውን የመጋረጃ ቧንቧ ላይ ጠቀለልነው፣ ቁልፎቹ እንዳይወድቁ በሻሽ። አብነት ላይ ታክሲ ያዝን። ረዳቱ ቧንቧው የሰው ቦታ ይዟል፣ ይከፈልበት አለ። አባዬ “እሱ ሁለት ሺህ ሜትር ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ ታሪፉ ስንት ነው?” አለው። ታክሲው ሙሉ ሳቀ። (ከኔ ነው የተማረው።) ካምፓኒው በር ላይ ጥበቃው መጋረጃ ሰቃዮች መስለነው በጓሮ በር ግቡ አለን። ገባን። ምን ቸገረን።

ዶ/ር ሲሳይ ሲያየን ተነሳ፣ ወንበር ሳበላቸው። ፊቱ ላይ ግን “ደግሞ መጡ” የሚል አለ። ካርታውን ዘረጋን። መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰለሽ? መጋጠሚያውን በጥፍሩ ፈለገ። ፈለገ። የለም። ጠርዝ ለጠርዝ። ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ጋ.ከ. ምንም አላብራሩም። ሲሳይ፣ ዓይንህን ጨፍን አሉት። ሳቀ። ጨፍን አልኩህ። ጨፈነ፣ የአርባ ምናምን ዓመት ሰው። ሁለት እጁን ይዘው ስብራቱ ግራና ቀኝ ላይ አስቀመጡለት፣ ቁጥሩን እኔ እጠራለሁ። ሰማንያ። ሰማንያ። ካፖርት ቁልፏ ጋ ሲደርስ “ስልሳ፣ ወደ ተቃራኒው” አልኩ። እጁ ቆመ። ዓይኑን ሳይገልጥ፣ ድገሚው አለኝ። ደገምኩት።

ከዚያ የሠንጠረዡን ገጽ ሰጠሁት። ሁለት ወጣቶች ጠራ። ኮምፒውተር ላይ አፈጠጡ። ሃያ ደቂቃ። ደብተሬ፣ አባዬ ሃያ ደቂቃ ዝም ብሎ አያውቅም። የቢሮውን መስኮት አየ፣ አየ፣ ከዚያ ኃላፊውን ከእነ ዶክተርነቱ “ይህን መጋረጃ ማን ሰፋላችሁ? ጠሟል እኮ!” አለው።

ማንም አልሳቀም። አንደኛው ወጣት ከወንበሩ ቀስ ብሎ ተነሳ። መቶ አርባ አለ። አዎ፣ መቶ አርባ።

ዶ/ር ሲሳይ ስልኩን አነሳ። የኛን ያላነሳበትን ስልክ። ሪጉን አቁሙ፣ ቁጥር 7 ላይ አንድ ብረት እንዳታስገቡ አለ። ዘጋ። ወደ ሦስታችን ዞረ። ቁጥሩን ከድሮ ዝርዝር ገልብጠን ነው፣ ሠንጠረዡን ማንም አላየውም፣ እኔም አላየሁም አለ። ስልኩንም ባለማንሳቴ ይቅርታ ጋሽ ከድር አለ። ወንድ ነው፣ በቀጥታ ነው ያለው። ከዚያ ማን አገኘው ብሎ ጠየቀ።

“ባለፈው የተሳሳቱት ዓይኖች” አሉ ጋ.ከ.።

ሠንጠረዡን ከዘለሉት ውስጥ እኔም እንዳለሁ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ጋ.ከ. እግሬን በከዘራ ነኩኝ። ዝም አልኩ። (እዚህ ግን ጽፌዋለሁ። ይኸው።)

ፊርማ አልሰጡም። “ያረጋገጠ” የሚለው ሣጥን ውስጥ “ቁጥር 3 ታርሞ ካርታው እንደገና ይሳል” ብዬ በእጄ እንድጽፍ አዘዙኝና ከሥሩ እጃቸውን አሳረፍኩላቸው። በዚህኛው ቀጥታ ሣጥኑ ጋ ወሰድኩት። ወላሂ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 29። ጠዋት 3፡00

መጣ! አዲሱ ካርታ በሞተር መጣ። ለፊርማ የተሰጠ ቀን የለም፤ “በሚመቻችሁ ጊዜ” ይላል። “በሚመቻችሁ”፣ በብዙ! ሦስቴ አነበብኩት። ድሮ ጉብታ ያሉት ቦታ ላይ አሁን ተዳፋት ብቻ ነው። ከፍታው ወደ ደቡብ ሄዷል፣ ከቁጥር 3 ወዲያ። ይህም እንደገና ይታያል፣ መስመር በመስመር፣ ሠንጠረዥ በሠንጠረዥ። ምንም አልዘልም፤ ወሰንኩ። አሰልቺ ገጽ ሲመጣ እንዲያውም ሁለቴ ነው የማነበው።

እትዬ ሙሉ መጥተው ነበር። መስመሩ ተቀየረ ወይ አሉ። አዎ እትዬ፣ ወደ ደቡብ ሄደ አልኳቸው። የሳቸው ሱቅ በሰሜን ነው። እፎይ ብለው አንድ ሙሉ ካርቶን ቁልፍ በነፃ ሰጡኝ። ኃጢአቱን ለጋ.ከ. ተናገርኩ፣ እሳቸው ደግሞ ትልልቆቹን ለዪልኝ አሉ።

አባዬ ዱባይ ተራ ሄዶ ምን ብሎ እንዳወራ ታውቂያለሽ? “ጋዙን ያገኘሁት በመጋረጃ ነው።” ጋዝ ማንም ገና አላገኘም! ጋ.ከ. ግን አላረሙትም። ሰያፍን ያስተማረኝ እሱ ነው አሏቸው ለሰዎቹ። ሁለቱም እያበዱ ነው።

ክር አለ። ቁልፍ አለ። ጠረጴዛው ተጠርጓል። ካርታው እንደ ልማዱ በሁለት ቁራጭ ነው የታተመው፣ ሰሜንና ደቡብ፤ ይህን ጽፌ ልጨርስና ጠርዝ ለጠርዝ እገጥመ

ቆይ። የሙጫ ሽታ ነው የሚሸተኝ?

አባዬ ከጠረጴዛው ዳር ቆሟል። በግራ እጁ ሰሜንን ይዟል። በቀኝ እጁ ሁለት ጣቱን ደቡብ ላይ አሳርፎ እየለካ